የተረሱ የክላሲካል ሙዚቃ ተጫዋቾችና ታሪካዊ ቀረጻዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ጥያቄዎቹም ከቀላሉ ተነሥተው ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

ታሪካዊ ቀረጻ የሚባለው ከመቼ እስከ መቼ ያለው ነው?

ቁርጥ ያለ ወሰን የለውም። አብዛኛው ሰብሳቢ ግን ቴፕ ከመስፋፋቱ በፊት፣ ማለትም በግምት እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ የተቀረጸውን ሁሉ እንዲህ ይለዋል። ኤዲሰን ፎኖግራፉን የሠራው በ1877 ነው። ጠፍጣፋ ሸክላ የሚያጫውተውን ግራሞፎን ያመጣው ደግሞ ኤሚል በርሊነር ነው፤ የፈጠራ መብቱን በ1887 አስመዘገበ። ኤልፒ፣ ማለትም በአንድ ገጽ ብዙ ደቂቃ የሚይዘው ረጅም ሸክላ፣ ገበያ ላይ የዋለው በ1948 ነው።

በመካከሉ ያለው ትልቁ መለያ ዓመት 1925 ነው። ከዚያ በፊት ማይክሮፎን የለም። ተጫዋቹ ከትልቅ ቀንድ አፍ ፊት ቆሞ ይጫወታል፤ የድምፁ ጉልበት ብቻውን መርፌውን እያንቀጠቀጠ ሰሙን ይቆርጣል። በዚህ መንገድ የሚያዘው ድምፅ በግምት ከ100 እስከ 2500 ኸርዝ ያለው ብቻ ነው። የኮንትራባሱን ክፍል ብዙ ጊዜ በቱባ ያስነፉት የነበረው፣ ቫዮሊኖቹም የራሳቸው ቀንድ በተገጠመላቸው የሽትሮ ቫዮሊኖች ይተኩ የነበረው ለዚህ ነው። የሰው ድምፅ በቀንዱ በደንብ ያልፋል፤ ፒያኖና ኦርኬስትራ ግን ይጎዳሉ። ከ1925 በኋላ በማይክሮፎንና በማጉያ የተቀረጸው ልዩነቱ ለማንም ጆሮ ይሰማል።

እየተንኮሻኮሸ ለምን እሰማዋለሁ? ያው ሥራ በጥራት የተቀረጸ ሞልቶ የለም?

ሥራው ሞልቷል፤ አጨዋወቱ ግን የለም። ዮዜፍ ዮአኪም የተወለደው በ1831 ነው። ብራምስ የቫዮሊን ኮንቸርቶውን (አንድ ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበትን ሥራ) የጻፈው ለእሱ ሲሆን በ1879 ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተውም እሱ ነው። በ1903 አምስት የሸክላ ገጾች ቀርጿል። ዛሬ በማንኛውም መድረክ የምንሰማው የማያቋርጥ የጣት ንዝረት እዚያ የለም፤ ንዝረቱ እንደ ጌጥ አንዳንድ ድምፅ ላይ ብቻ ጠብ ይላል። በ1839 የተወለደው ፈረንሳዊ ፒያኒስት ፍራንሲስ ፕላንቴ ደግሞ በ1928፣ ማይክሮፎን ከመጣ በኋላ በመቅረጹ፣ የሾፓንን ዘመን ልጅ ጣት በተሻለ ጥራት እንሰማለን።

ከክላራ ሹማን የተማሩት ፋኒ ዴቪስ፣ አደሊና ደ ላራና ኢሎና አይበንሹትዝም ቀረጻ ትተዋል። ፋኒ ዴቪስ በ1928 የሹማንን ፒያኖ ኮንቸርቶ ስትጫወት ልብ ብለው ይስሙ፦ ግራ እጇ ከቀኝ እጇ በአንዲት ቅጽበት ቀድሞ ይወርዳል፣ ዜማው ተነጥሎ ይንሳፈፋል፣ ባሱ ግን መንገዱን አይለቅም። ይህን ዛሬ ተማሪ ቢያደርገው እንደ ስሕተት ይታረማል። የአቀናባሪው ባለቤት ያስተማረቻት ሴት ስታደርገው ግን ስሕተት የሚለው ቃል ይከብዳል።

ጆሮ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይላመዳል። መጀመሪያ ላይ ከጆሮ ማዳመጫ ይልቅ በድምፅ ማጉያ፣ ድምፁንም ዝቅ አድርገው ይስሙ፤ እሽታው ወደ ኋላ ይሸሻል። ከዚያ ኖታውን ይዘው ይድገሙት።

ከማን ልጀምር?

ከ1925 በኋላ ከተቀረጸው። ብዙ ሰው የብራምስን ሲሊንደር (በጠፍጣፋ ሸክላ ፈንታ በሰም ቱቦ ላይ የተቀረጸ ድምፅ) ከፍቶ፣ ከእሽታ በቀር ምንም ሳይሰማ ቀርቶ፣ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ይተወዋል። ያ ሲሊንደር በታኅሣሥ 1889 ቪየና ውስጥ የተቀረጸ፣ ከመጠን በላይ ያለቀ ነው፤ ለጀማሪ አይሆንም።

ጂኔት ኔቩ በ1945 የሲቤልየስን፣ በ1946 የብራምስን ቫዮሊን ኮንቸርቶ ቀርጻለች፤ በ1949 የተሳፈረችበት አውሮፕላን አዞረስ ደሴቶች ላይ ወድቆ በ30 ዓመቷ ሞተች። ቫዮሊኒስቱ ዮዜፍ ሃሲድ በ1940 ጥቂት አጫጭር ሥራዎችን ብቻ ቀርጾ ታመመ፤ ከአንጎል ቀዶ ሕክምና በኋላ በ1950 በ26 ዓመቱ ዐረፈ። ያለውን ሁሉ በአንድ ምሽት ጨርሰው ደግመው መስማት ይችላሉ። በፒያኖ የሾፓን ተማሪ ከነበረው ከሚኩሊ የተማረውን ራኡል ኮቻልስኪን ይስሙ። ከቀንዱ ዘመን ደግሞ በዘፋኞች ይጀምሩ፦ ካሩሶ በ1902 ሚላን ላይ የቀረጻቸው፣ የቨርዲን «ኦቴሎ» በ1887 ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነው ታማኞ በ1903 የቀረጻቸው። ከእነዚህ በኋላ ወደ ሞድ ፓወል ቫዮሊን መሻገር አይከብድም።

ያን ያህል ጎበዝ ከነበሩ ለምን ተረሱ?

ከችሎታቸው ጋር እምብዛም አይገናኝም። ሞድ ፓወል የሲቤልየስን ኮንቸርቶ ለአሜሪካ ያስተዋወቀች፣ ከ1904 ጀምሮ ለቪክተር ኩባንያ የቀረጸች ታላቅ ቫዮሊኒስት ነበረች፤ ግን የሞተችው በ1920፣ ማይክሮፎን ሊመጣ አምስት ዓመት ሲቀረው ነው። ኩባንያዎች ከ1925 በኋላ የድሮውን ካታሎግ በአዲስ ሲተኩ፣ አዲስ መቅረጽ ያልቻለ ሰው ከገበያ ወጣ። አልማ ሙዲ በ1920ዎቹ ጀርመን ውስጥ ስሟ የገነነ ቫዮሊኒስት ሆና አንድም ቀረጻ ሳትተው በ1943 ሞተች። የዮሃና ማርትዚ ነገር ሌላ ነው፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ የባኽን ሶናታዎችና ፓርቲታዎች ለብቸኛ ቫዮሊን በሙሉ ቀርጻ ነበር፤ ሸክላዎቹ በጥቂት ቅጂ ወጡ፣ ሥራዋም ቀዘቀዘ። ዛሬ የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች ሰብሳቢዎች በብዙ ሺህ ዶላር ይሻሙባቸዋል።

ጦርነት፣ ስደት፣ የዘር ሕግ፣ የኩባንያ መክሰር፣ ሴት ስታገባ ስሟን መቀየሯ፣ እነዚህ ሁሉ ምክንያት ናቸው። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ራሱ አልጠፋም። የጠፋው ድምፁን ከስም ጋር የሚያያይዘው ክር ነው፦ መለያ ወረቀቱ የተላጠ ሸክላ፣ «ቫዮሊን ከፒያኖ ጋር» ብሎ የሚያልፍ ካታሎግ፣ በስሕተት የተጻፈ የፋይል ስም። የፍለጋው ትልቁ ክፍል ይህን ክር መቀጠል ነው።

ሳልከፍል የት እሰማቸዋለሁ?

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት «ናሽናል ጁክቦክስ» የቀንዱን ዘመን የቪክተር ሸክላዎች በብዛት ይዟል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የሲሊንደር መዝገብ አለው። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «ጋሊካ» ለፈረንሳይ ተጫዋቾች፣ «ኢንተርኔት አርካይቭ» ደግሞ ለሁሉም ዓይነት 78 ዙር ሸክላ (በደቂቃ 78 ጊዜ ገደማ ለሚዞረው የድሮ ሸክላ) ይጠቅማሉ። የመጨረሻው ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ብዙው ፍጥነቱ ያልተስተካከለ ጥሬ ቅጂ በመሆኑ በአንድ አዳመጥ ለፍርድ አይቸኩሉ።

ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ በጥንቃቄ የታደሱትን ይግዙ። ዋርድ ማርስተንና ማርክ ኦበርት-ቶርን የሠሩት ቅጂ ፍጥነቱ የተመረመረ፣ ከተገኘው ሁሉ የተሻለው ሸክላ የተመረጠለት ነው። ከዚያው ተጫዋች ጥሬ ቅጂ ጋር አስተያይተው ቢሰሙት ልዩነቱ ራሱ ትምህርት ነው።

ሸክላው ላይ ያለው የማትሪክስ ቁጥር ምንድን ነው? ከካታሎግ ቁጥሩ በምን ይለያል?

የካታሎግ ቁጥር የመሸጫ ቁጥር ነው፤ በወረቀቱ ላይ ጎላ ብሎ ይታተማል። የማትሪክስ ቁጥር ግን የዚያ ገጽ የቀረጻ ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ መርፌው ጉዞውን ጨርሶ በሚቆምበትና በወረቀቱ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ደብዛዛ ስለሆነ ከጎን በኩል ዘንበል አድርገው የእጅ ባትሪ ያብሩበት፤ ጥላው ቁጥሩን ያወጣዋል። በቪክተር ሸክላዎች «ቢ» ፊደል ያለበት ባለ 10 ኢንች፣ «ሲ» ያለበት ባለ 12 ኢንች ነው።

ከዋናው ቁጥር ቀጥሎ የምትመጣውን ትንሽ ቁጥር በፍጹም እንዳይዘሏት። እሷ ስንተኛው ሙከራ እንደሆነ ትናገራለች። ኩባንያው አንዱ ማስተር (ሸክላዎቹ የሚታተሙበት ዋና ቅርጽ) ሲያልቅበት ሌላውን ሙከራ በዚያው የካታሎግ ቁጥር ያትም ነበር። ስለዚህ ወረቀታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሸክላዎች ሁለት የተለያዩ አጨዋወቶች ሊይዙ ይችላሉ። «ይህ እኔ ጋ አለ» ብሎ የተጣለ ሸክላ አንዳንዴ የትም የሌለ ሙከራ ሆኖ ይገኛል።

ስሙን ብቻ የማውቀውን ተጫዋች እንዴት ልከታተል?

ከአጻጻፉ ይጀምሩ። ስሙ በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሩሲያኛና በፖላንድኛ እንዴት እንደሚጻፍ ዝርዝር ያዘጋጁ፤ ሴት ከሆነች የአባቷንም የባሏንም ስም ይያዙ። ከዚያ የቀረጻ መዝገቦችን ያገላብጡ። ለአሜሪካ ኩባንያዎች በሳንታ ባርባራ የሚዘጋጀው የአሜሪካ ታሪካዊ ቀረጻዎች ዲስኮግራፊ፣ ለእንግሊዙ ግራሞፎን ኩባንያና ለቅርንጫፎቹ የአለን ኬሊ ዳታቤዝ ቀን፣ ቦታ፣ የማትሪክስ ቁጥርና ያልታተሙ ሙከራዎችን ሳይቀር ያሳያሉ። ዋና ተጫዋች ሆኖ ካልተገኘ አጃቢ ሆኖ ይፈልጉት፤ ብዙ ፒያኒስት የተደበቀው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ጋዜጣ። የኦስትሪያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «አኖ»፣ የአውስትራሊያው «ትሮቭ»፣ የፈረንሳዩ «ጋሊካ» የዘመኑን ጋዜጦች በነጻ ያስነብባሉ። የኮንሰርት ማስታወቂያ መቼ የት እንደነበረ ይነግራል፤ ያ ቀን ከቀረጻው ቀን ጋር ከተጋጨ አንዱ ስሕተት አለበት ማለት ነው። የንግድ ሸክላ ካልተገኘ የሬዲዮ ጣቢያ መዝገብ፣ ያስተማረበት ኮንሰርቫቶሪና የቤተሰብ ዕቃ ይቀራሉ።

ትልልቅ ግኝቶች የመጡት ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው። ነጋዴው ዩሊየስ ብሎክ በ1890ዎቹ ሩሲያ ውስጥ የቀረጻቸው ሲሊንደሮች ጠፍተዋል ተብለው ሲታመን ኖረው ቅዱስ ጴጥሮስበርግ በሚገኘው ፑሽኪን ቤት በተባለው የሥነ ጽሑፍ ተቋም ተገኙ፤ አሬንስኪ የራሱን የፒያኖ ትሪዮ ሲጫወት ያለው ቀረጻ ከእነሱ አንዱ ነው። የሜትሮፖሊታን ኦፔራ የኖታ ክፍል ኃላፊ ላዮኔል ሜፕልሰን ደግሞ ከ1901 እስከ 1903 ከመድረክ በላይ ሆኖ የቀረጻቸው ሲሊንደሮች ባይኖሩ፣ የታላቁን ቴኖር የዣን ደ ረሽኬን ድምፅ ከነአካቴው ባልሰማን ነበር።

አሮጌ ሸክላ እጄ ገባ። ባለኝ ማጫወቻ ላጫውተው?

መርፌውን ሳይቀይሩ አያጫውቱ። የኤልፒ መርፌ ጫፍ 25 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የ78 ዙር ሸክላ መስመር ግን 75 ማይክሮን አካባቢ ላለ ጫፍ የተቆረጠ ነው። ቀጭኑ መርፌ ግድግዳውን ትቶ ቆሻሻው የተኛበት ወለል ላይ ይንከላወሳል፤ ጫጫታው ይበዛል፣ መርፌውም ይበላሻል። ለ78 የተሠራ መርፌ ይግጠሙና ክብደቱን ከ3 እስከ 5 ግራም ያድርጉት። በቀንዳሙ ጥንታዊ ግራሞፎን ላይ ብርቅ ሸክላ አያስቀምጡ፤ ክብደቱ ከ100 ግራም ስለሚበልጥ በእያንዳንዱ ጊዜ ከመስመሩ ይፍቃል።

ሁለት ዓይነቶችን አስቀድመው ይለዩ። የኤዲሰን ዳይመንድ ዲስክ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የድሮው ፓቴ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመሃል ወደ ዳር ይጫወታል። በሁለቱም ላይ ድምፁ የተቆረጠው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ነው። በብረት መርፌ ከተነኩ ይጎዳሉ። በስቴሪዮ ካርትሪጅ (መርፌውን በሚይዘው ክፍል) ሲጫወቱ ደግሞ የአንዱን ቻናል ምልክት ካልገለበጡ በቀር ሞኖ ሲያደርጓቸው፣ ማለትም ሁለቱን ቻናሎች አንድ ላይ ሲደምሩ፣ ድምፁ ይጠፋል።

እንዴት ላጽዳው? የትስ ላስቀምጠው?

አልኮል አይነካውም። የ78ቱ ሸክላ ማያያዣ ሼላክ ነው፤ አልኮል ደግሞ ሼላክን ያሟሟል፤ አንድ ጊዜ ቢጠርጉት መስመሩ ይሄዳል። የተጣራ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ ሽታና ቀለም የሌለው ለስላሳ ሳሙና አድርገው፣ ለስላሳ ብሩሽ መስመሩን ተከትሎ እንዲሄድ በክብ ይቦርሹ፣ በንጹሕ የተጣራ ውሃ ያለቅልቁ፣ ወዲያው ያድርቁ። ወረቀቱን አያርጥቡ። የኤዲሰኑን ወፍራም ዲስክ በውሃ አያጥቡት፤ ውስጡ ውሃ ይስብና ያብጣል።

አሉሚኒየም ወይም መስታወት ላይ የተለበጠ ላከር ዲስክ ካገኙ ቅድሚያ ይስጡት። የሬዲዮና የግል ቀረጻዎች በዚህ ላይ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ሌላ ቅጂ የላቸውም። ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ከላዩ ካወጣ ንብርብሩ መለስለሻ ዘይቱን እያጣ ነው፤ ቀጥሎ ይሰነጣጠቅና ይላጣል። ይህን ሳይውል ሳያድር ባለሙያ ዘንድ ወስደው ያስገልብጡ። ሸክላዎች በሙሉ በጠርዛቸው ይቆማሉ እንጂ አይደራረቡም። የሰም ሲሊንደርን ጣት ወደ ውስጥ አስገብተው ከውስጥ ያንሡት፤ ከውጭ የተነካ ሰም ላይ ሻጋታ ይበቅላል።

ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ምን ያስፈልጋል? ማጫወቻዬ 78 ዙር የለውም።

በ45 ዙር ያጫውቱትና በኮምፒውተር ያፍጥኑት። 78ን ለ45 ሲያካፍሉ 1.733 ይመጣል፤ «ኦዳሲቲ» በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የፍጥነት መቀየሪያው ላይ ይህን ያስገቡ። የድምፁን ከፍታ ሳይነካ ርዝመቱን ብቻ የሚቀይረውን መሣሪያ እንዳይመርጡ፤ ሁለቱም አብረው መለወጥ አለባቸው።

የሚሳሳቱት በዋናነት ማመጣጠኑ፣ ማለትም የባሱንና የላይኛውን ድምፅ መጠን ማስተካከሉ ላይ ነው። የፎኖ ማጉያዎች ሁሉ ለኤልፒ የወጣውን፣ ከ1954 ወዲህ የጸናውን የአርአይኤኤ ኩርባ ይጨምራሉ። የቀንዱ ዘመን ሸክላ ምንም ኩርባ የለውም። ከ1925 በኋላ ያለው የአውሮፓ ሸክላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ250 እስከ 300 ኸርዝ በታች ያለውን ባስ ማሳደግ ብቻ ይፈልጋል፤ የላይኛውን ድምፅ የሚቀንሰው የአርአይኤኤ ክፍል ሕይወቱን ያፍነዋል። ስለዚህ ያለ ኩርባ ጥሬውን ይገልብጡ፣ ፍጥነቱን ያስተካክሉ፣ ማመጣጠኑን ከዚያ በኋላ ያድርጉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ኩርባው የተሳሳተ ከፍታ ላይ ያርፋል።

በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ፣ በስቴሪዮ ይገልብጡ። ሸክላው ሞኖ ቢሆንም ግራና ቀኝ የመስመሩ ሁለት ግድግዳዎች ናቸው፤ አንዱ ካለቀ ሌላው ደኅና ሊሆን ይችላል። ጥሬውን ፋይል ሳይነኩ ያስቀምጡ።

78 ዙር ሸክላ በ78 ዙር ካልተጫወተ በስንት ሊጫወት ነው?

ቁጥሩ የተለመደ ስም እንጂ ሕግ አልነበረም። ከ1925 በፊት ከ70 በታችም ከ80 በላይም የተቀረጸ ሞልቷል፤ የኮሎምቢያ ሸክላዎች ላይ 80 ተብሎ ታትሞ ይገኛል። ፍጥነቱ 6 በመቶ ገደማ ሲለወጥ ድምፁ በግማሽ ድምፅ ይለወጣል፤ በ73.6 የተቀረጸ ሸክላ በ78 ሲጫወት ዲ ማይነር የነበረው ኢ ፍላት ማይነር ይሆናል። የዘፋኝዋ ድምፅ ይሾላል፣ ንዝረቷም ፍየል ያስመስላታል። በዚህ ብቻ ስማቸው የጠፋ ዘፋኞች አሉ።

ማስተካከያው ኖታው ነው። ሥራው የተጻፈበትን ቁልፍ ይያዙ፤ ከማስተካከያ መሣሪያ ጋር እያስተያዩ «ኤ» ከ435 እስከ 440 ኸርዝ መካከል እስኪያርፍ ፍጥነቱን ያንቀሳቅሱ። ዘፋኞች ግን ዕድሜያቸው ሲገፋ ሥራውን ዝቅ አድርገው ይዘፍኑ ስለነበር ሁለት ምክንያታዊ መልሶች ሊገጥሙዎት ይችላሉ። ያኔ ሁለቱንም ይሞክሩና ንዝረቱንና አናባቢዎቹን ይስሙ፤ ሐሰተኛው ከሁለት ሐረግ በላይ አይታመንም። ቫዮሊን ራሱ ይመሰክራል፦ በተለመደው ቅኝት ከጂ ክር የሚወርድ ድምፅ የለውም፣ ክፍት ክር ሲመታም አስተጋብቶው ከሌላው ይለያል። ያ አስተጋብቶ ጂ፣ ዲ፣ ኤ ወይም ኢ ላይ ካላረፈ ፍጥነትዎ ትክክል አይደለም። በመጨረሻም የገጹን መጀመሪያና መጨረሻ ለየብቻ ይለኩ፤ የመቅረጫው ሞተር በመሃል ፍጥነቱን የቀየረበት ሸክላ ብዙ ነው።

እሽታውን ሙሉ በሙሉ ላጥፋው?

አያጥፉት። ቀጭ ቀጭ የሚለው አንድ ነገር፣ እሽታው ሌላ ነገር ነው። ቀጭታው አጭር ስለሆነ ሙዚቃውን ሳይነኩ ማውጣት ይቻላል፤ መጀመሪያ እሱን፣ ከማመጣጠኑም በፊት ያውጡ። እሽታው ግን ከቫዮሊኑ የላይኛ ድምፆች፣ ከዘፋኙ «ስ» እና «ሽ»፣ ከአዳራሹ አየር ጋር የተዋሐደ ነው። ሙዚቃው ሊጀምር ሲል ካለው ባዶ መስመር ናሙና ወስደው ቢበዛ 6 ዴሲቤል ይቀንሱ።

ከዚያ ይህን ፈተና ያድርጉ፦ ፕሮግራሙ ያወጣውን ብቻውን እንዲያሰማ ያዙት። በዚያ ቆሻሻ ውስጥ የዜማ ጥላ ከተሰማ ሙዚቃ እየጣሉ ነው፤ ይቀንሱ። የፒያኖ ድምፅ ሳያልቅ የሚቆረጥ፣ ወይም ውሃ ውስጥ እንዳለ የሚንቦጫረቅ ከሆነም እንዲሁ። ከመጠን በላይ የጸዳ ቅጂ የድሮውን ተጫዋች ቀዝቃዛና ደረቅ አስመስሎ ያቀርበዋል፤ በአድማጩም ዘንድ ጥፋቱ የተጫዋቹ ይሆናል።

የፒያኖ ጥቅልል እንደ ቀረጻ ይቆጠራል?

በጥንቃቄ። ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቬልተ-ሚኞን የመሳሰሉ ሥርዓቶች ድምፅን ሳይሆን የቁልፎችን መመታት በወረቀት ላይ ያስቀምጡ ነበር። ማህለር በኅዳር 1905 ላይፕሲግ ላይ አራት ጥቅልሎች ሠርቷል፤ ሲጫወት የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ የለንም። በ1824 የተወለደው ካርል ራይነከም የቀረው በጥቅልል ነው። ስለ ጣቶች ቅደም ተከተል፣ አኮርድ ስለ መበተን፣ ስለ ሩባቶ (ፍጥነትን በስሜት ማላላትና ማጥበቅ) ብዙ ይነግራሉ። ስለ ድምፅ ቀለም፣ ስለ ፔዳል ረቂቅነትና ስለ ድምፅ መጠን ግን ማሽኑ፣ አራሚውና የዛሬው ፒያኖ ጣልቃ ገብተዋል። ጠቅላላ ፍጥነቱም በማሽኑ አስተካካይ እጅ ነው። ያው ፒያኒስት ሸክላ ካለው ፍርድዎን በሸክላው ላይ ይመሥርቱ።

ያገኘሁትን ቀረጻ በነጻ ማሰራጨት እችላለሁ?

ሁለት መብቶች አሉ፤ የቀረጻውና የድርሰቱ። በአውሮፓ ኅብረት እስከ 1962 መጨረሻ ድረስ ለገበያ የወጣ ቀረጻ መብቱ አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው 70 ዓመት ይጠበቃል። በአሜሪካ በ2018 በወጣው ሕግ መሠረት ከ1923 በፊት የታተመው በጥር 2022 ነጻ ወጥቷል፤ ከ1923 እስከ 1946 ያለው ከታተመበት ዓመት ጀምሮ 100 ዓመት፣ ከ1947 እስከ 1956 ያለው 110 ዓመት ይጠበቃል።

ድርሰቱ ግን በአውሮፓ የሚቆጠረው ከአቀናባሪው ሞት በኋላ 70 ዓመት ነው። ካያኑስ በ1930 የመራው የሲቤልየስ ሲምፎኒ ቀረጻው ነጻ ቢሆንም፣ ሲቤልየስ የሞተው በ1957 በመሆኑ ድርሰቱ እስከ 2027 መጨረሻ ድረስ ባለቤት አለው። ሌላ ሰው ያደሰውን ቅጂ ከሲዲ ገልብጦ ማሰራጨት ደግሞ የተለየ ጣጣ አለው፤ ከሸክላው የራስዎን ቅጂ መሥራት ይሻላል።

ቀረጻው በእርግጥ ስሙ የተጻፈው ሰው መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ?

በመለያ ወረቀት፣ በአሳታሚ ስምና በተቺ አድናቆት አያረጋግጡ። ሦስቱም አንድ ላይ ተሳስተው ያውቃሉ። የፒያኒስቱ የዲኑ ሊፓቲ ነው የተባለ የሾፓን አንደኛ ፒያኖ ኮንቸርቶ ቀረጻ ለዓመታት ሲሸጥና ሲወደስ ኖሮ፣ በ1981 በሬዲዮ ከተላለፈ በኋላ ከአንድ ሌላ ሸክላ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ፒያኒስቷ ሃሊና ቼርኒ-ስቴፋንስካ ነበረች፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፕራግ ላይ ለሱፕራፎን የቀረጸችው ነው። ሊፓቲ በ1950 ዙሪክ ላይ የተጫወተው እውነተኛው ቀረጻ በኋላ ተገኘ። በ2007 ደግሞ በጆይስ ሃቶ ስም የወጡ ሲዲዎች የሌሎች ፒያኒስቶች ሆነው ተገኙ፤ ነገሩ የተጀመረው አንድ አድማጭ ሲዲውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲያስገባ ፕሮግራሙ የላስሎ ሲሞንን ስም ስላወጣለት ነው። አንዳንዶቹ እንዳይታወቁ ፍጥነታቸው ተለውጦ ነበር።

የሚጠራጠሩትን ቀረጻ ምንጩ ሊሆን ይችላል ከሚሉት ሌላ ቀረጻ ጋር ለማስተያየት «ሶኒክ ቪዥዋላይዘር» የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ይጠቀሙ። በሁለቱም ላይ የእያንዳንዱን ምት ቦታ ምልክት ያድርጉና በምቶች መካከል ያለውን ጊዜ በግራፍ ያውጡ። አንድ ሰው ያንኑ ሥራ ሁለት ጊዜ ሲጫወት ግራፉ ይቀራረባል እንጂ አይደራረብም። በመቶኛ ሰከንድ ደረጃ ከተደራረበ፣ ወይም በቋሚ ምጣኔ ብቻ ከተለያየ፣ ምንጩ አንድ ነው። የተሳሳተ ኖታ፣ የወንበር ድምፅ፣ የአዳራሹ ሳል በአንድ ቦታ መገኘታቸውም ያጸናዋል።

ሌላ ቀረጻ ከሌለ ወደ ወረቀቱ ይመለሱ፦ የማትሪክስ ቁጥሩ በኩባንያው መዝገብ ላይ ምን ቀንና ከተማ ይሰጣል? ተጫዋቹ በዚያ ቀን እዚያ ሊሆን ይችል ነበር? የሬዲዮ ቀረጻ ከሆነ ኦርኬስትራውና መሪው በዚያ ወቅት አብረው ሠርተዋል? አንዱ ጥያቄ መልስ ካጣ፣ ሲያሰራጩት ስሙን በሙሉ እምነት ከመጻፍ ይልቅ «እንደሆነ የሚነገር» ብለው ጥርጣሬውን ከነምክንያቱ ያስፍሩ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ፈላጊ ከዚያ ይነሣል።